ሚያዝያ ዐሥር፣ በማን አቆጣጠር?

ቀን ተሳስቼ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ጉራ ከመሰላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ጉራው የት እንዳደረሰኝ ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት።

ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ የምንኖር ሐበሾች ከብርዱ ቀጥሎ የሚያስጨንቀን ነገር ፎርም ነው። ፎርሙ የልደት ቀን ይጠይቃል፣ የጋብቻ ቀን ይጠይቃል፣ ከአገር የወጣህበትን ቀን ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የምናውቀው በኛው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ወደ እኔ ይመጣል። «ሽሜ፣ የልጄ በርዝዴይ ሐምሌ ሃያ ሦስት ነው፤ ለስኩሉ ፎርም ኮንቨርት አድርግልኝ» ትለኛለች አንዷ። ጫማዬን እያጠለቅኩ «ጁላይ ሠላሳ» እላለሁ። ስልክ አልነካም፣ ወረቀት አላወጣም። ጓደኞቼ ሲያላግጡ «አቶ ባሕረ ሐሳብ» ብለው ሰየሙኝ። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ሥራዬ አረጋውያንን በቤታቸው ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። ከሒሳቤ የተረፈችኝ ይህቺው ቀን መቀየር ነበረችና እኮራባት ነበር።

ያኔ የምንከባከባቸው ሰው ሚስተር ኮነሊ ይባላሉ። ቤታቸው ዌስት ሴንት ፖል፣ ከሮበርት ስትሪት ገባ ብሎ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞታል፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። ዕድሜያቸውን ታሪክ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት አይሆንልኝም፣ ስለዚህ «ጋሼ» እላቸው ነበር። ትርጉሙን ጠየቁኝ። «ጋሻዬ ከሚለው ነው የመጣው ይባላል» ስላቸው በጣም ደስ አላቸው። የወታደር ነገር ይወዳሉ።

የሚወዱት ግን ማንኛውንም ወታደር አይደለም። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በሰው አገር ጦር ውስጥ ሲያገለግሉ ያለቁትን አይሪሾች ነው። የሚስተር ኮነሊ አያት ቅድመ አያቶች ካቶሊኮች ነበሩ፤ በገዛ አገራቸው መሬት መግዛት ተከልክለው፣ ሹመት ተከልክለው፣ መሣሪያ መያዝ ተከልክለው ይኖሩ ነበር። ወጣቱ በኮንትሮባንድ መርከብ እየተሸሸገ ይወጣና የፈረንሳይ ወይም የስፔን ወይም የኦስትሪያ ንጉሥ ወታደር ይሆናል። አገር ቤት የቀረው ሕዝብ «የዱር ዝይ» ይላቸው ነበር፤ ክንፍ አውጥተው የሄዱ ለማለት። ልዩነቱ ዝይ በዓመቱ መመለሷ ነው ይሉኛል ሚስተር ኮነሊ። እነዚያ አልተመለሱም። የሰው መለዮ ለብሰው፣ የሰው ንጉሥ ባስነሣው ጦርነት፣ አንዳንዴም በወዲያኛው ወገን ከተሰለፈ የአገራቸው ልጅ ጋር ተታኩሰው ሞቱ። እኔ ካልሲ እያጠፍኩ «እሺ ጋሼ፣ አይ ጋሼ» እላለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ግማሹን አልሰማም ነበር።

ምክንያቱም የራሴ የዱር ዝይ ነበረኝ።

ብሩክ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ከኔ በዐሥራ ስድስት ዓመት ያንሳል። ልጅ ሳለ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ደረቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ አለው። አንድ ደላላ «ውጭ አገር የመጋዘን ሥራ አለ» ብሎ ወሰደው። የአገሩን ስም አልጽፍም፤ እዚያ የቀሩ ሌሎች ልጆች አሉ። እንደ ደረሰ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት አስፈረሙት፤ ወረቀቱ የወታደርነት ውል ነበር። ሸሚዙን አስወልቆ ደረቱን ያየ ሐኪም አልነበረም።

ዓቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የድምፅ መልእክት ላከልኝ።

«ጋሼ፣ ስልክ ለአምስት ደቂቃ ነው የሰጡን። እዚህ አንድ ጸሐፊ አለ፣ ሰው የሆነ ሰው። የልብህን ወረቀት በኛ ቋንቋ አስተርጉመህ ካመጣህ ለሐኪሞቹ አቀርብልሃለሁ፣ ከኋላ ወጥ ቤት ትቀራለህ ብሎኛል። ፎቶውም ይበቃል። እስከ ሚያዝያ ዐሥር ነው…»

ንግግሩ ይቀጥላል፤ የኔ ጭንቅላት ግን «ሚያዝያ ዐሥር» ላይ ሥራውን ጀምሯል። ሚያዝያ አንድ ኤፕሪል ዘጠኝ ነው። ሚያዝያ ዐሥር እንግዲህ ኤፕሪል ዐሥራ ስምንት። ትንፋሽ እንኳ አልወሰደብኝም። ቀኔን የማሳልፈው ሚስተር ኮነሊ ቤት ስለሆነ ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ዐሥራ ስምንትን በቀይ አከበብኳት።

እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስትመላለስ ሰንብታ ወረቀቱን አገኘች። ቅዳሜ ፎቶው ደረሰኝ። እሑድ ብሩክ ለአጭር ጊዜ ደወለ።

«መጣ ጋሼ?»

«መጥቷል። ነገ ለተርጓሚ እሰጣለሁ። በቂ ጊዜ አለን፣ አትጨነቅ።»

ዝም አለ። «በቂ ጊዜ አለን?»

«አስልቼዋለሁኮ፣ ብሩኬ!»

«እሺ» አለ። «አንተ ካልክ እሺ።»

እናቴ ስለ እኔ ሲነሣ «የተማረ ይግደለኝ» ማለት ትወዳለች። ብሩክም ያንን እየሰማ ነው ያደገው። ስልኩ ውስጥ ያለውን ዝምታ ዛሬ ሳስበው አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ነበር። አፍሮ ተወው፤ ታላቅ ወንድሙን፣ ያውም አስተማሪውን፣ እንዴት ይጠይቅ?

ሰኞ ሌክ ስትሪት ላይ የዚያን አገር ቋንቋ የምትተረጉም ሴት ዘንድ ሄድኩ። ለመቼ እንደምፈልገው ስትጠይቀኝ «ለሚመጣው ሳምንት፣ ረጋ ብለሽ ሥሪው፤ የሐኪም ቃል እንዳይዛነፍ» አልኳት።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስተር ኮነሊን ወጥ ቤት አስቀምጬ ጢማቸውን እላጫለሁ። ቀኝ ጉንጫቸው ተላጭቷል፣ ግራው አረፋ ነው። ዓይናቸው ካላንደሩ ላይ ነበር።

«የወንድምህ ጉዳይ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው ጋሼ። ገና ስምንት ቀን አለን።»

«ቀኑን የቆረጠው ማነው?»

«የጦሩ ጸሐፊ።»

«ጸሐፊው የናንተን ካላንደር ያውቃል?»

«ከየት ያውቃል! ወንድሜ ነው በኛ ቋንቋ የነገረኝ።»

ትንሽ አሰቡና «በቋንቋችሁ ነው፣ ወይስ በአቆጣጠራችሁ?» አሉ።

ሳቅኩ። «ሁለቱ አንድ ነው ጋሼ።»

«አይደለም» አሉ። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ምላጩን የያዘ እጄን ያዙት። «ያ የኛ ሰው፣ ለፈረንሳይ ንጉሥ ያገለገለው፣ እናቱ ዘንድ መልእክት ልኮ ነበር ብዬህ አላውቅም? መርከባችን ለአንድ ቀን ባሕሩ ዳር ትቆማለች፣ በዚህ ቀን ነይና ልይሽ ብሎ? በዚያ ዘመን ፈረንሳይ አዲሱን ካላንደር ነው የምትቆጥረው፤ እኛን የሚገዛን እንግሊዝ ገና አሮጌው ላይ ነው። መካከላቸው ዐሥራ አንድ ቀን አለ። ጥንቁቅ ሰው ከቀኑ አጠገብ የትኛው እንደሆነ ሁለት ፊደል ይጽፋል። ልጁ አልጻፈም። አሥር ዓመት ፈረንሳይ ኖሮ ቀኑን በፈረንሳይ ሲቆጥር እናቱ በሌላ እንደምትቆጥር ረስቶታል። እናትየዋ በራሷ ቀን ተነሥታ ባሕሩ ዳር ደረሰች። ዓሣ አጥማጆቹ፣ ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት አንድ ሰው እዚህ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ውሎ ሄደ አሏት።»

ይህን ሲሉ እኔ ኤፕሪልን እያየሁ ነው። ኤፕሪል። እኛ ሰዎች ኤፕሪልን በአማርኛ ምን እንለዋለን? ሚያዝያ እንላለን። ሬዲዮውም እንደዚያ ይላል፣ ጋዜጣውም እንደዚያ ይጽፋል፤ ጥንቁቁ «እ.ኤ.አ.» ብሎ ይጨምርበታል፣ ያልተጠነቀቀው ይተወዋል። ጸሐፊው «ኤፕሪል ዐሥር» ቢለው ብሩክ ለወንድሙ በአማርኛ ምን ብሎ ይነግረዋል? «ሚያዝያ ዐሥር» ይላል። በፈረንጅ የተቆጠረን ቀን ነው እኔ እንደኛ ቆጥሬ የቀየርኩት።

ካላንደሩ ላይ ያለው የዛሬ ቀን ዐሥር ነበር።

ምላጩን ጥዬ ስልኬን አወጣሁ። መልእክቱን ከመጀመሪያው ከፈትኩት። «…እስከ ሚያዝያ ዐሥር ነው…» ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከዚያ በኋላ ጫጫታ አለ፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚጮህ ሰው አለ፣ በጫጫታው መሀል የብሩክ ድምፅ፦ «ረቡዕ ነው የሚዘጋው፣ ረቡዕ፣ እሺ ጋሼ? በእናትህ።»

ረቡዕ። የኛ ሚያዝያ ዐሥር ሐሙስ ነበር የሚውለው። ይህን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ መማር አያስፈልግም፤ መልእክቱን እስከ መጨረሻው መስማት ብቻ ይበቃ ነበር።

«እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ሚስተር ኮነሊ።

«ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል።»

«እንግዲያስ ምን ትጠብቃለህ? ኮቴን አምጣ።»

ብቻቸውን ትቻቸው መውጣት አልችልም፤ በራሴ መኪና ይዣቸው መሄድም የቀጠረኝ ኤጀንሲ ይከለክላል። ይህን ስነግራቸው «በሰማንያ ስድስት ዓመቴ ማን ነው የሚቀጣኝ?» አሉ። የቀኝ እጃቸውን አስገብቼ፣ የግራውን ጎትቼ፣ ኮቱን ከፒጃማው ላይ አለበስኳቸው። አረፋው ግራ ጉንጫቸው ላይ እንደደረቀ ወጣን።

እየነዳሁ ለተርጓሚዋ ደወልኩ። «ገና ግማሹ ነው። ረጋ ብለሽ አላልከኝም?» አለች። «እህቴ፣ ዛሬ ነው፣ አሁን ነው፣ በፈጠረሽ» አልኳት። ሁለቱን ከተሞች የሚለየውን ወንዝ ስንሻገር ትራፊኩ ተያዘ። ከፊታችን ያለው መኪና አይንቀሳቀስም። ሚስተር ኮነሊ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ይመስለኛል፣ ስለ ዝይዎቻቸው አንድ ነገር ጀመሩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «የርስዎ ሰዎች ከሞቱ ሦስት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። የኔ ልጅ አሁን ነው ያለው፣ አሁን!»

አልተቀየሙኝም። መልሰው በመስኮቱ ያዩ ጀመር። እኔ ግን ያን ጩኸቴን ዛሬም ድረስ አፍርበታለሁ፤ ባይጠይቁኝ ኖሮ እስከ ዐሥራ ስምንት ድረስ ተዝናንቼ ነበር የምኖረው።

ሌክ ስትሪት ስንደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ተርጓሚዋ ሚስተር ኮነሊን በአረፋቸው ስታይ ነገሩ እንደገባት መሰለኝ፤ ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ሰጠቻቸውና መጻፏን ቀጠለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜአለሁ። ስለ ልብ ክፍሎች የሚናገረው አረፍተ ነገር ላይ ቆማ መዝገበ ቃላት ገለጠች። «ዝለይው» አልኳት። «ይህን ከዘለልኩማ ወረቀቱ ምን ሊረባህ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጨርሳ ፈረመችበት፣ ማኅተሟን መታችበት። እዚያ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ፎቶ አንሥቼ ላክሁ።

አንዲት ምልክት መጣች። መልእክት የምትልኩ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ምልክት ማለት ከኔ ወጥቷል ማለት ነው፣ ሁለት ሲሆን እሱ ጋ ደርሷል ማለት ነው።

ደወልኩ። ስልኩ አይጠራም። ደግሜ ደወልኩ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጠን ስልኩን መሪው ላይ አስደግፌ ሁለታችንም እናየዋለን። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። «ባትሪው አልቆ ይሆናል» አሉ ሚስተር ኮነሊ። «ይሆናል» አልኩ። ሌላ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት ሰዓት አለፈ፤ እኔም አላስታወስኩም፣ እሳቸውም አላሉም። ሁለተኛዋ ምልክት አልመጣችም። ያኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሽማግሌው በደህናው እጃቸው አንገቴን ያዙኝና ያቋረጥኳቸውን ነገር ጨረሱት።

«ያቺ እናት ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሁለቱንም ቀን ባሕሩ ዳር ትወርድ ነበር። የሱንም፣ የሷንም። አልመጣም።»

ማጽናኛ አልነበረም። ሊያጽናኑኝም አልሞከሩም፤ እውነቱን ነው የነገሩኝ።

ቤት መልሻቸው የግራ ጉንጫቸውን ላጨሁ።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ድምፁ ያገራችን ልጅ ነው።

«የብሩክ ጋሼ አንተ ነህ?»

«ነኝ። አንተ ማነህ?»

«አብረን ነበርን። አሁን ቆስዬ ወደ ኋላ መልሰውኛል። ቁጥርህን እሱ ነው የሰጠኝ። ጋሼ፣ እግዜር ያጥናህ። ካንድ ቦታ ስንመለስ እሱ አልተመለሰም። ያየውም ሰው የለም።»

የምጠይቀው ብዙ ነበር፤ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ግን «ስልኩስ? ያን ረቡዕ ስልኩ የት ነበር?» የሚለው ነው።

«ረቡዕ ቀትር ላይ ሰብስበው ወሰዱብን። እሱ ስልኩን አልሰጥም ብሎ ተማታ፤ ወረቀት ይመጣልኛል፣ ወንድሜ ይልክልኛል እያለ።»

«ወረቀቱ በጊዜው ቢደርስስ ኖሮ?»

«እንጃ። ወረቀት ካመጡት አንዳንዶቹን አስቀርተዋል። አንዳንዶቹን ደግሞ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተውላቸው ወስደዋቸዋል።»

«መቼ ነው የጠፋው? ቀኑን ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ እዚህ ቀን አንቆጥርም» አለና መስመሩ ተቋረጠ። ያ ቁጥር ከዚያ በኋላ ሠርቶ አያውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ ታሪክ ምክር ልስጣችሁ ብል አንድ ብቻ አለኝ። ከሩቅ አገር ቀን የነገራችሁን ሰው «በማን አቆጣጠር?» በሉት። ከዚያም «ዕለቱስ?» በሉት፤ ረቡዕ በየትም አገር ረቡዕ ነው። ምክሩ ግን ለኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አሁን ሰው ቀን ቀይርልኝ ሲለኝ ማን ነገረህ፣ በየት ቋንቋ ነገረህ፣ ዕለቱ ምን ነበር እያልኩ ስለማስቸግር ሁሉም ትቶኛል፤ ስልኩ ይቀይርለታል። ራሴን ይቅር ለማለት ስንት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ወረቀቱ ቢደርስም ይወስዱት ነበር እላለሁ። ሊሆን ይችላል። ግን ልጁ ከወታደር ጋር እየተማታ ሲጠብቀው የነበረው እኔ ልልክለት የምችለውንና ሰኞ ዕለት «ረጋ ብለሽ ሥሪው» ያልኩበትን ወረቀት ነው። ይህን የሚሽር ሒሳብ አላገኘሁም።

ለእናቴ መርዶውን እኔው በስልክ ነገርኳት። ደብራችን ሄጄ ፍትሐት እንዲደረግለት ስለምን ቄሱ በርኅራኄ «ልጄ፣ ያረፈበትን ቀን ንገረኝና አርባውን እናስላለት» አሉኝ። «አላውቀውም» አልኳቸው። አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ «ግድ የለም፣ ስሙን እናነሣዋለን» አሉ።

ይህንን ለእናቴ መንገር አልነበረብኝም። አመለጠኝና ነገርኳት። እስከዚያች ደቂቃ ስታለቅስ የነበረች ሴት ለቅሶዋን አቆመች።

«ቀኑን የሚያውቅ የለም?» አለች።

«የለም እማዬ።»

«ሬሳውንም ያየ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው ልጄ አለ። ቀን የሌለው ሞት ሰምቼ አላውቅም» አለች። ጥቁሯን እንዳወለቀች ጎረቤቶቿ ነገሩኝ። አልጋውን በየቅዳሜው ታነጥፋለች። እሑድ እሑድ ስደውልላት «ወረቀቱ ደረሰለት ወይ?» ትለኛለች።

«ደርሶታል እማዬ» እላታለሁ።